በሎሳና ፍሪጅ የከረመው የዓይን መድኃኒት

ሌሲዬ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ከኔ ጎን ቦታ አለ። የሎሳና ቦታ ነበር፣ ግን ባዶ ከሚሆን ተቀመጪበት። የሰሌን ቅጠልሽ እንዴት ነጭ ወጥቶልሻል እባክሽ። ባህር ውስጥ ስንት ቀን አሳደርሽው? የኔን ዘንድሮ ዝናቡ አበላሽቶብኝ ይኸው የሻይ ቀለም ይዞ ቀረ። ምንም አይደል፣ ለሰሌኑ ጠርዝ ይሆናል። ፓስተሩ እንደሁ የሚቀመጥበትን ምንጣፍ ቀለም የሚመርጥ ሰው አይደለም። ልጆች ደህና ናቸው? ያ ትልቁ አሁንም ከአባቱ ጋር ዓሣ ይወጣል? ተመስገን ነው። ያ አውሎ ነፋስ ጀልባችሁን ሳይነካ ማለፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እዚያ በር ጋ፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል፣ መሪያችን መቀመጧን አየሽ? የማለዳ እርምጃችንን የምትመራውን ማለቴ ነው። አቤት ስታምር... ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተሰቅሎ ይውላል እንጂ ሰውነቷን የሚነካበት ቦታም የለው። እኛ ዓመት ሙሉ ከኋላዋ ስንረግጥ ከረምን፣ የጨረስነው ቢኖር የጫማችንን ሶል ነው። እሷ ግን ይኸውልሽ። ምስጢሩ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት ደግሞ አትኮራም፤ ጸሎትና ላብ ነው ትላለች፣ በቃ። እኔ ላቧን አይቼው አላውቅም፣ ከፊት ከፊት ስለምትሄድ ይሆናል። ሰው ያለውን ማመን ነው እንጂ... ምን ቸገረኝ።

ድምፅሽን ቀንሺ ነው የምትዪኝ? ለምን ብዬ? የማወራው ስለሷ አይደል። ላወራሽ የፈለግሁት ስለ ሎሳና ነው።

ሎሳና መቀነስ የጀመረችው ለውበት እንዳይመስልሽ። ታላቅ እህቷን ስኳር ይዟት እግሯን ከጉልበቷ በታች የቆረጧት ጊዜ፣ ዋናው ከተማ ኑኩአሎፋ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ያስታመመቻት እሷ ናት። ስትመለስ የክሊኒኳ ነርስ ሲኒቫ ደሟን መረመረችላትና ያንቺም ስኳር በር ላይ ቆሟል አለቻት። በዚያው ዕለት የበጉን ጮማ ከቤቷ አባረረች። ባሏ ማካ፣ ያ ትልቅ ሰው፣ ምሳ ላይ ጎደሬና ቅጠል ብቻ ሲቀርብለት ሳህኑን አገላብጦ ከስር ፈለገ አሉ። ግን በላ። ያንቺም ባል የሱ ታናሽ አይደል፣ በዚህ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው።

እና ቀነሰች ወይ? ቀነሰች። ግን እንዴት ያለ አቀናነስ መሰለሽ... ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ቀስቱ አስቦ አስቦ ነው የሚነቃነቀው። አንዱን ወር ትንሽ ወረድ ይላል። ቀጥሎ ያለው ወር ሰርግ አለ፣ ቀብር አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ግብዣ አለ። ጉድጓድ ውስጥ በስሎ የወጣ አሳማ ፊትሽ ተዘርግቶ አልበላም ብትይ ቤተሰቡን ሰደብሽ ማለት ነው። ትበላለች፣ ቀስቱም ወደነበረበት ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ታለቅስ ነበር። ከክሊኒኩ ወጥታ የውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ቆማ ስታለቅስ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ወር የራበኝ ለዚህች ነው አለችኝ፣ በጣቷ የጥፍሯን ጫፍ እያሳየችኝ።

ያበረታቻት ሲኒቫ ናት። ከሃምሳ በኋላ ሰውነት የያዘውን ቶሎ አይለቅም፣ ሚዛኑ ላይ አሁንም አሁንም አትውጪ፣ ሌላ ሌላውን እዪ አለቻት። ሎሳናም ሌላ ሌላውን ማየት ጀመረች። ለክብር ብለን ወገባችን ላይ ሰሌን የምናስርበት ገመድ አለ አይደል? ከታሰረ በኋላ የሚተርፈው ጫፍ በገና ጊዜ አንድ ጣት ነበር፣ ለፋሲካ ሁለት ጣት ተኩል ሆነ። እዚህ ስንጎነጉን ውለን ስንነሳ የኔን ትከሻ ትይዝ ነበር፣ መያዙን ተወች። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳታርፍ ወጣች። እያንዳንዷን እየመጣች ትነግረኛለች፣ እኔም እሰይ እላታለሁ። በኋላማ ሲኒቫ ራሷ፣ ስኳርሽ ከበሩ ፈቀቅ ብሏል አለቻት። ያን ቀን ደግሞ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች፣ የሷ ነገር እንዲህ ነው።

መሪያችን ይህን ሁሉ እያየች ዝም አላለችም፤ ደግ ናትና ትመክራታለች። እርምጃው መሃል ላይ ዞር ብላ፣ የመጨረሻዋም ሴት በምትሰማው ድምፅ፣ ቆራጥ ሁኚ እንጂ ሎሳና፣ እኔን እዪኝ ትላታለች። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ራሱን ምሳሌ አድርጎ ለማቅረብ ቅንጣት የማይሳቀቅ... እኔ ብሆን አፍር ነበር። ግብዣ ላይ ስትቀመጥማ አይተሻት የለ። ትልቁ አሳማ የሚቀርበው ለሷ ነው፣ ማዕረጓ ነው። በሁለት ጣቷ ትንሽ ቆንጠር ታደርግና ጠገብኩ ትላለች። ሰው ሁሉ ፈቃደ ጽኑ ናት ብሎ ያደንቃታል። እኔም አደንቃታለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ላምጣልሽ። ይቺኛዋ ከማካ እህቶች አንዷ ናት። እግዜር ይመስገን እህት አላነሰውም፤ ያንቺም የባል እህቶች ስለሆኑ ቁጥራቸውን አንቺው ታውቂዋለሽ። የትኛዋ ናት ብለሽ ግን አትድከሚ፤ ስሟን እንዳላነሳ ለሎሳና በመጽሐፍ ቅዱስ ምዬላታለሁ፣ ደግሞም አላነሳም። ከመሪያችን ጋር አደራ እንዳታምታቺብኝ። መሪያችንም የማካ እህት መሆኗ እውነት ነው፣ የሷም ልጅ አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን መኖሯ እውነት ነው፣ ግን እሷ ሌላ፣ የኔዋ ሌላ።

የባል እህት ለኛ ምን ማለት እንደሆነች ላንቺ አልነግርሽም። በልጆችሽ ላይ ከአንቺ በላይ የምታዝ እሷ ናት። ከሳህኗ የተረፈውን ልጆችሽ አይነኩም፣ ዕቃዋን አንቺ አትከፍቺም፣ ምንድን ነው ብለሽም አትጠይቂም። እና ለዚች ለኔዋ እመቤት ከብሪዝበን በነጭ ፕላስተር የታሸገ ሳጥን ይመጣላታል። የራሷ ፍሪጅ ሞቶባት ስለነበር ለሎሳና ሰጠቻት። የዓይን መድኃኒት ነው፣ ሙቀት አይወድም፣ ከኋላ በኩል አድርጊልኝ አለቻት። ሎሳና የባሏን ዓሣ አውጥታ ቦታ ሰጠችው። በየሳምንቱ እመቤቲቱ ትመጣለች፣ ጓዳ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ትንሽ ቆይታ ትወጣለች። ሎሳና በአክብሮት በረንዳ ላይ ሆና ትጠብቃታለች።

ታዲያ ሎሳና ምን አደረገች መሰለሽ? አዘነችላት። ረቡዕ በሴቶች ጸሎት ላይ ተነስታ፣ የባሌ እህት ዓይኗን ታማለች፣ እባካችሁ ጸልዩላት አለች። አንቺም ነበርሽ እኮ። አዳራሽ ሙሉ ሴት ተንበርክከን ለአንድ ሰው ዓይን ጸለይን፤ እሷም መሃላችን ተንበርክካ አብራን አሜን አለች። የትኛዋ እንደነበረች ረሳሽው? ጥሩ፣ እኔም ረስቻለሁ። ጸሎታችን ግን ሳይሰማ አልቀረም። አሁን ዓይኗ እንዲህ ነው የሚያይ፣ የሰው ሳህን ላይ ያለችውን ቁራጭ ጎደሬ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሆና ትለያታለች።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣና መብራት ጠፋ። እመቤቲቱ ለቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ኑኩአሎፋ ናት፣ ስልክም የለም። ሎሳና የቤቷን ዓሣ ለጎረቤት ሁሉ አከፋፈለችና ስለዚያ ሳጥን ግን መላ አጣች። የማካ እህት ዓይን በኔ እጅ ሊጠፋ ነው አለችኝ። ከዓሣ አጥማጆቹ በረዶ ለመነች። ሳጥኑን ሳትከፍት በዓሣ ገንዳ በተሞላ በረዶ ውስጥ ቀበረችውና፣ የገንዳውን አንዱን እጀታ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን፣ የወደቀ ኮኮናት እየተራመድን፣ በጭቃው ክሊኒክ ድረስ ወሰድነው። የክትባቱ ፍሪጅ በፀሐይ ስለሚሠራ አይጠፋም። ያን መንገድ የዛሬ ዓመት ቢሆን ሎሳና ግማሹንም አትሄደውም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቆመን እንረፍ ያልኩት እኔ ነኝ።

ክሊኒኩ ሰው ሞልቶታል፤ እጁን ቆርቆሮ የቆረጠው፣ ጣራ የወደቀበት። ሲኒቫ ደግሞ ያላወቀችውን ዕቃ ክትባት አጠገብ አታስቀምጥም፣ ሥራዋ ነው። ፕላስተሩን ቀደደችና አወጣችው። ቁስል ስትሰፋ ውላ ደክሟታል፣ ሳታስበው ጮክ ብላ፣ «ይሄ የውፍረት መቀነሻ መርፌ የማነው?» አለች።

ሌሲዬ፣ ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ሲያቃስት የነበረው ሰውዬ እንኳ ማቃሰቱን ተወ። እኔ የሎሳናን ፊት ነው ያየሁት። ገባት። ያ ዓመት ሁሉ አንድ ላይ ገባት፤ ጓዳው ውስጥ የሚቆየው፣ ተንበርክካ የጸለየችው፣ ቆራጥ ሁኚ የተባለችው... አይ፣ ቆራጥ ሁኚ ያለቻት መሪያችን ናት፣ አደባለቅሁት። ዕድሜ ነው፣ ይቅር በይኝ። ብቻ አንድ ስም ብትጠራ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን ቀና ብላ፣ «የኔ ነው» አለች።

ስንመለስ ተቆጣኋት። ለምን አልሽ ብላት፣ የልጆቼ አክስት ናት፣ ሰው ፊት እንዴት አዋርዳታለሁ አለችኝ። ደግሞም ስትመለስ ራሷ ታስተካክለዋለች፣ አታውቂያትም እንጂ ልቧ ደህና ነው አለች። እንዲህ ነው ያለችው፣ ቃል አልጨመርኩም።

ከዚያ ያለውን አንቺም ሰምተሻል። በመርፌ እንኳ የቀነሰችው ይህችን ነው ተብሎ ተሳቀባት። ያ የገመድ ጫፍ፣ ያ ዳገት፣ ያ የተባረረ ጮማ፣ ሁሉም የመርፌ ሆነ፤ ለዚያውም የማይሠራ መርፌ። አንቺም ስቀሻል መሰለኝ። ግድ የለም፣ አላወቅሽም።

ማካ ደግሞ ከኔ ደብቀሽ ከየት አመጣሽው አላት። ምን ትመልስለት? የእህትህ ነው ልትለው ነው? ስለ እህት ገላ ለወንድም የሚወራው የት አገር ነው? እኛ ወንድምና እህት አንድ ክፍል ተቀምጠው ቴሌቪዥን የማያዩ ሰዎች ነን። ዝም አለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ጥፋቷን ያመነች መሰለው። ይኸው ትራሱን ይዞ የጀልባው ቤት ገብቷል፣ ከሷ ጋር መብላትም ትቷል። ያንን ቋጠሮ መፍታት የሚችል ሰው በዚህ ደሴት ላይ አንድ ብቻ ነው። እመቤቲቱ ራሷ ለፓስተሩ ሚስት ሹክ ብትላት፣ እሷ ለፓስተሩ፣ ፓስተሩ ለማካ፣ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር።

እመቤቲቱም ከስብሰባዋ ተመለሰች። ሎሳና ምንጣፍ አነጠፈችላት፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፣ ጠበቀች። እመቤቲቱ ስለ ስብሰባው አወራች፣ ስለ መዝሙሩ አወራች፣ ስለ ባህሩ ማዕበል አወራች። ከዚያ ሳጥኑን ከክሊኒኩ አምጪልኝ አለቻት፤ በሎሳና ስም ነዋ የተቀመጠው። ሎሳና ሄዳ አመጣችላት። እመቤቲቱም ሳጥኗን በሻርፕ ጠቅልላ ሄደች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ለትልቅ ሰው ማመስገን ሳይከብደው አይቀርም፣ እኔ ትንሽ ስለሆንኩ አይገባኝም።

በማግስቱ ማለዳ ደግሞ መሪያችን፣ ምስኪን፣ እሷ ምኑን ታውቃለች፣ የሰማችውን ይዛ ሎሳናን በሁላችንም ፊት አጽናናቻት። «መርፌ የሰነፍ መንገድ ነው፣ እህቴ፤ ተይው። እንደኔ በላብሽ አውርጂው» አለቻት። ሎሳና አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። መሪያችንን በዚህ አልወቅሳትም። ብታውቅ ኖሮ ትለው ነበር? መዘምራን ፊት የምትቆም ሴት፣ በየእሁዱ ስለ እውነት የምትዘምር ሴት፣ ብታውቅ ኖሮ ምላሷ ራሱ አይታዘዝላትም ነበር። እንዲህ ብዬ ነው የማምናት... ሌላ እንዳላስብ ክርስቲያን ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሎሳና አልተራመደችም። እዚህም አትመጣም። ትናንት ሄጄ ሳያት ጓዳ ውስጥ ቆማ የቆርቆሮ ሥጋ በማንኪያ ትበላለች። ምን ዋጋ አለው ቶኪሉፔ፣ ብቀንስ የመርፌ ነው ይላሉ፣ ብጨምር ይስቃሉ አለችኝ። እያወራን እህቷ በክራንች በደጁ አለፈች። ሎሳና ማንኪያውን አስቀመጠች፣ ከዚያ መልሳ አነሳችው። ሲኒቫም ደሟን ልታስመረምር ለምን አልመጣችም ብላ ጠይቃኛለች። እኔ ፈርቻለሁ፣ ሌሲ። ቀልዱን ትቼ ነው የምነግርሽ፤ ያንን የእህቷን እግር ባየሁ ቁጥር የሎሳና እግር ነው የሚታየኝ።

ይህን ለምን ዛሬ አነሳሁብሽ መሰለሽ? ከሰሞኑ አንድ ሰው መጥቶ፣ ፍሪጅሽ ውስጥ ትንሽ ቦታ ይኖርሻል ወይ ብሎሻል አሉ። ለዓይን መድኃኒት። አትደንግጪ፣ ማን እንደነገረኝ ምን ያደርግልሻል... ሎሳና ዘንድ ማስቀመጡ አሁን አያምርም፣ ሰው ሊያወራ ይችላል፤ ለስማቸው የሚጠነቀቁ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቀድመው ያስባሉ። ሳጥኑን የያዘው ጀልባም ከሰዓት ይደርሳል። እምቢ በይ አልልሽም። የባልሽ እህት ናት፣ እንዴት ብለሽ ነው እምቢ የምትዪው? ተቀበያት፣ ከኋላ በኩል አድርጊላት፣ ስትመጣ ጓዳውን ልቀቂላት። አንድ ነገር ብቻ ቀድመሽ አስቢ። አውሎ ነፋስ እንደሁ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ሰው በተሰበሰበበት የማነው ብለው ሲጠይቁሽ ምን እንደምትመልሺ ከአሁኑ አዘጋጂ። እኔ ብሆን የኔ ነው አልልም፣ ያ ልብ የለኝም። አንቺ አለሽ?

ምነው እጅሽ ቆመ? ጎንጉኚ እንጂ።

እንዴ፣ መሪያችን ተነሳች። ሄድሽ እንዴ፣ የኔ እመቤት? ሰሌንሽ እኮ ገና ክንድ አልሞላም... አዎ አዎ፣ ጀልባው ሲጮህ እኔም ሰምቻለሁ። ሂጂ፣ ዕቃ ፀሐይ ላይ መቆየት የለበትም። ፊትሽ ትንሽ ቀልቷል፣ ሙቀቱ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ እዚያ በር ጋም ነፋስ የለም። ቆይ ግን፣ ከአሮጊት ሴት አጠገብ ሳይመረቁ አይኬድም። ነይ ጎንበስ በይ፣ ሴቶቹም እጃችሁን አሳርፉ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው። ወገብሽን እንደቀጠነ ያቆይልሽ። በሰው ፊት ከፍ እንዳልሽ ያኑርሽ። አይምጣብሽና ክፉ ቀን ቢመጣ፣ ሰው ሞልቶ ሳለ የማነው ሲባል፣ ቀና ብላ የኔ ነው የምትል የወንድም ሚስት አያሳጣሽ። አንዷን ሰጥቶሽ ነበር... እሷ አልቃለችና ሌላ ይተካልሽ።

አሜን አትይም?